በእህቴ ስም የሰፋሁት ሌማት

ታላቅ እህቴ ስፌት አይሆንላትም ነበር። ወስፌ ስትይዝ ጣቷን ትወጋለች፤ አክርማውን አላልታ ትተወዋለች፤ የጀመረችው ሙዳይ ሁሉ ወደ አንድ ጎኑ ያዘምማል። ሌላው ሁሉ ግን የተሰጣት ናት፤ ጨዋታው፣ እስክስታው፣ ሰው መቀበሉ። ቢቸና ያለው ቤታችን የመጣ እንግዳ እሷ ካለች ቶሎ አይነሳም። እኔ ደግሞ ጥግ ይዤ የምሰፋ፣ ሰው ሲገባ እግሬን የምሰበስብ ልጅ ነበርሁ። ስፌቴን እያዩ የሚያመሰግኑኝ ሰዎች እንኳ ምስጋናውን ለእናቴ ነግረው ይወጣሉ።

እህቴ ለሞጣ ሰው ስትታጭ የእናቴ የመጀመሪያ ጭንቀት ይኸው ስፌት ሆነ። ሙሽራ ይዛው የምትሄደው ስፌት ባሏ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ ያገላብጡታል፤ ሙያዋን የሚለኩት በዚያ ነው። እናቴ ጓዳ ጠራችኝና፣

"በይ እንግዲህ፣ የእህትሽን ገመና ሸፍኚ" አለችኝ።

"ለእኔስ ማን ይሰፋልኛል?"

"አንቺማ እጅ አለሽ።"

ይቺ "አንቺማ" ስታናድደኝ ኖራለች። እጅ ያለው ሰው ሁሉን ይችላል፣ ምንም አይጎድልበትም ማለት ነው። ነገሩ ግን በዚያው ተዘጋ።

ከመስቀል በኋላ አክርማና ስንደዶ ለቅሜ መስፋት ጀመርሁ። ጊዜው የደርግ ነው። በሳምንት ምን ያህል ስብሰባ እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ስፌት ይዞ ስብሰባ መግባትን ስለከለከለች፣ እጄን አጣጥፌ የንቃት ትምህርት ስሰማ እውላለሁ፤ ቤት የነከርሁት አክርማ ይደርቃል። ቀይ ቀለም ደግሞ ከገበያ ጠፋ። ለአብዮት በዓል የመፈክር ጨርቅ ማቅለሚያ ሆኖ አለቀ ተባለ። ቀይ የሌለው መሶብ የማን ሠርግ ላይ ታይቶ ያውቃል? ብስጭት ብዬ ወይን ጠጅና አረንጓዴ አድርጌ ሰፋሁት። መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ ሙዳዩን፣ ሁሉንም። ጥር ላይ እህቴ በበቅሎ ሳይሆን በጭነት መኪና ተድራ ሄደች፤ ስፌቴ ከኋላዋ ተጭኖ ሄደ።

ሞጣ ሲደርስ ወይን ጠጁ ጉድ አሰኘ። እንዲህ ያለ ቀለም አይተው የማያውቁ ሴቶች ለማየት ብቻ ይመጡ ነበር አሉ። የባሏ እናት፣ አማቷም፣ "ባለሙያ ምራት ሰጠኝ" እያሉ ለመጣው ሁሉ ያሳያሉ። ይህ ወሬ ቢቸና ሲደርስ እናቴ እልል አለች። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

ዐቢይ ጾም ላይ ለገበያ የመጣ አንድ የሞጣ ሰው መልእክት አደረሰ፤ "እህትሽ አሟታል፣ ቶሎ ነይ ብላለች።" ከቀበሌ መሸኛ ለማግኘት ተመላልሼ፣ አውቶቡስ ጠብቄ፣ መንገዱን ሙሉ እየጸለይሁ ሄድሁ። ስደርስ እህቴ ጤነኛ ናት፤ እንዲያውም ወፍራለች። ጓዳ አስገብታኝ በሩን ዘጋችና አለቀሰች።

"ከፋሲካ በኋላ የማርያም ማኅበር ተረኛ አማቴ ናቸው። የማኅበሩ ዳቦ የሚቀርብበት ሌማት ስፊልኝ አሉኝ። እኔ ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን በያቸው።"

"አሁን? አገሩን ሁሉ አሳይተው ከጨረሱ በኋላ? ውሸታም አስገባሁ ይላሉ እንጂ ሌላ ምን ይላሉ?"

እውነቷን ነበር። ያ ነው የበለጠ ያበሸቀኝ። የመጣሁበትን ነጠላ እንኳ ሳላወልቅ ከሠርጉ የተረፈው ወይን ጠጅ አክርማ የት እንዳለ ጠየቅኋት።

እንዲህ አደረግን። አማትየዋ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ሲሄዱ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰፋለሁ። የግቢው በር ሲንቋረር እህቴ ሌማቱን ከጭኔ ነጥቃ ደጅ ትቀመጥና ወስፌዋን ይዛ ታጎነብሳለች። እኔ ባዶ እጄን እቀራለሁ። እንግዲህ ሴትዮዋ ሁልጊዜ የሚያዩት አንዷ ስትሰፋ፣ ሌላዋ ተጎልታ ነው።

አንድ ቀን አላስችል አላቸው።

"አንቺ ልጅ፣ እንዲያው ዝም ብለሽ ትውያለሽ? ይቺን የመሰለች እህት እያለችሽ አትማሪም?"

ትርፍ አክርማና ስንደዶ አመጡልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "በይ ጀምሪ፣ ልይሽ" አሉኝ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እጄ ከታየ ሌማቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ስፌት የሚያውቅ ሰው የሰፊን እጅ ይለያል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ያውቃሉ። ስለዚህ አበላሽቼ መስፋት ነበረብኝ። ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። ጣቴ በራሱ ያጠብቃል፤ እኔ አላላለሁ። ወስፌው በራሱ ቦታውን ያገኛል፤ እኔ ወደ ጎን እገፋዋለሁ። የእህቴን ስፌት እያሰብሁ፣ እሷ የምታዘምመውን እያዘመምሁ፣ አንገቴ ድረስ ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ ካጠገቤ ሆነው ይስቃሉ፤ ክፋት የለባቸውም፣ እንዲያውም ደግ ናቸው።

"አይዞሽ ልጄ፤ ሁሉ ሰው እጅ አይሰጠውም። አንቺ ደግሞ ሌላ ይሰጥሽ ይሆናል" አሉኝ።

ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ። እህቴ ተከትላኝ መጣችና እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል "ተነሽ! ሌማቱን አምጪው፤ ጠርዙ ይቀራል" አልኋት። ጨርሼው ወደ ቢቸና ተመለስሁ። በማኅበሩ ቀን ዳቦው በእሱ ላይ ቀረበ፤ ካህኑ ሳይቀሩ የሠራውን እጅ መረቁ አሉ።

ከዓመታት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። እዚያው ቢቸና ላለ ሰው ተዳርሁ። በዚህ ጊዜ ማንም አይቀማኝም ብዬ አንድ ስፌት እንኳ ለሰው ሳልሰጥ አጠራቅሜ ነበር። ቀይ ቀለምም ተገኝቶ ነበር። ለሠርጉ የእናቴ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በእኔ ሥራ ተሞላ፤ ቆሜ ሳየው ኮራሁ፣ መኩራቴን ልደብቀውም አልፈለግሁም። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ የማን እንደሆነ ይጠይቃል፣ "የሙሽራዋ" ይባላል። የምፈልገው ይህቺን ቃል ብቻ ነበር።

የሞጣ ዘመዶች መጡ። እህቴ ልጅ አዝላ፣ አማቷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው። ሴትዮዋ ፊቴ ቆመው ጨርቁን ፈቱት። ሌማቱ ነው። ወይን ጠጁ ትንሽ ደብዝዟል።

"ይኸው፣ እህትሽ የሰፋችው ነው። ቤትሽ የሚታይ ስፌት እንዳይጠፋ ብዬ ከቤቴ አውጥቼ አመጣሁልሽ" አሉ።

ጉልበታቸውን ሳምሁ። ምን ላድርግ? ቀና ስል ግድግዳውን እያዩ ነው። ቀረብ ብለው አንዱን ሰፌድ ዳሰሱ፣ ገለበጡት፣ ጠርዙን በጣታቸው ዞሩት። የሌማቱን እጅ ለዩት። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው፣

"አያችሁልኝ! ምራቴ ይህን ሁሉ ለእህቷ ሰፍታ ልካላታለች። ለእኛ እንኳ አልነገረችንም" አሉ።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እናቴ ሻሿን ታስተካክላለች። እህቴ አመድ መሰለች፤ አፏን ከፈተች፤ በጀርባዋ ያለው ልጅ ፀጉሯን ይጎትታል። ልትናገር እንደሆነ አወቅሁ። ስንት ዘመን የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ትናገር ነበር።

ቀደምኋት።

"እጇ ይባረክ" አልሁ።