የግራኙ ቫዮሊን

ባሌ ሄክተር ጊሊስ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። እዚህ ካናዳ፣ ኬፕ ብሬተን ደሴት ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ፣ አርፍዶ የሚሮጥ ልጅ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ያገባሁትም ይህን ጠባዩን ወድጄ ነው፤ በስተርጅና ግን አንጀቴን አሳረረው።

ሄክተር ግራኝ ነው። ቀስቱን በግራ ይዞ ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። ቫዮሊኑን አባቱ ለግራኝ እንዲሆን አድርጎ ስለሠራለት፣ በአገሩ ሁሉ እሱ የሚጫወትበት ሌላ ቫዮሊን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ ወጥ ቤታችን ይሰበሰባል፤ እሱ ይጫወታል፣ እኛ ወለሉን በእግራችን እንደበድባለን። ታዲያ የቫዮሊኑ አንገት ሲሰነጠቅበት ለጥገና በትርፍ ጊዜው ቫዮሊን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ፣ ሎክላን ቢተን ዘንድ ወሰደው። ሎክላን ጠገነና አልመልስም አለ። «አባትህ ሳይሞት ቫዮሊኑን ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ የሄክተርን ቀኝ እጅ አገላብጦ አየና፣ «መገጣጠሚያው እየደረቀ ነው፤ በየቀኑ ካልተጫወትክ ጣቶችህ አይታጠፉም» አለው። እየጎተትኩ ትንንሽ ክሶች የሚታዩበት ፍርድ ቤት ወሰድኩት። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት፣ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ትንሽ ጉዳይ ቶሎ ነው የሚያልቀው» አለችኝ።

ቶሎ! መጥሪያው ሌላ ሎክላን ቢተን ቤት ሄደ፤ እኛ ዘንድ በዚህ ስም ሦስት ሰው አለ። ያ ምስኪን ደንግጦ የፖም ኬክ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቀን መጣ። መጥሪያው እንደገና እስኪጻፍ በረዶው ቀለጠ። ቀጠሮው ሲደርስ ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ባሕር የሚወርድበት የሎብስተር ማጥመጃ ወቅት ገባ። የኛው ሎክላን ደወለ።

«ሄክተር ወንድሜ፣ ጀልባዬን ትቼ ችሎት ልቁም?»

«ኧረ በፍጹም! ወቅቱ ነው እኮ። ይራዘም።»

ስልኩን ልነጥቀው ምንም አልቀረኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ቫዮሊንህን ለበላ ሰው ታዝናለህ?»

«ሞራግ፣ በሎብስተር ወቅት ሰው ከባሕር አይጠራም።»

እውነቱን ነው፣ እኛ ዘንድ አይጠራም። ፍርድ ቤቱ ግን ምን ሆኖ ነው? «ከተስማማችሁ ጥሩ» ብሎ ቀጠሮውን ወደ ቅጠል መርገፊያ ወረወረው። ያኔ ደግሞ ዳኛው ታመሙ። ተተኪ እስኪመጣ በረዶ መንገዱን ዘጋ። ከዚያ ሌላ የሎብስተር ወቅት መጣ፣ ሎክላን ደወለ፣ ሄክተርም ያው «ይራዘም» አለ። እነሱ ቀጠሮ ሲያገላብጡ፣ እኔ ባሌ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው አያለሁ። ቁልፉን እየቆለፍኩለት ሁሉንም እረግም ነበር።

በመጨረሻ ችሎቱ ተሰየመ። ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። ሎክላን ምስክር የለው፣ ማስረጃ የለው፤ «እንደዚያ መስሎኝ ነው» አለና ቫዮሊኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ያን ያህል ጊዜ የተጉላላነው ለዚህች ነው!

አዲሷ ዳኛ ፈገግ ብላ፣ «እንግዲህ ዛሬ ማታ ጨዋታ አለ ማለት ነው» አለች።

ሄክተር ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ፣ «አመሰግናለሁ፣ እመቤቴ» አለ።

ብድግ አልኩ። «ጣቶቹንስ? እነሱን ለማስመለስ የት ነው የምከሰው?»

ሄክተር በግራ እጁ እጅጌዬን ጎተተኝ።

«ተይ ሞራግ» አለኝ፤ «ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።»