ጊታሩ ዝም ሲል

ሲይዙኝ ጊታሬንም አብረው ያዙት። እኔን አንዱ ፖሊስ በክንዴ፣ እሱን ሌላው ፖሊስ በአንገቱ አንጠልጥሎ ከሐረር ጀጎል በር ወጥተን በአዲሱ ከተማ መንገድ ስንሄድ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች እኔን ላለማየት ጊታሩን ያያሉ። አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ስለ መሬት የሚናገር ወረቀት ተበትኖ አድሮ፣ ማን እንደጻፈው እንድናገር ነበር የተፈለግሁት። እኔ ደግሞ ከልቤ አላውቅም። በዚያ በንጉሡ የመጨረሻ ዘመን አለማወቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር።

ከፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ወዳለች ክፍል ገፍተው አስገቡኝ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ሽታዋ የሽንትና የእርጥብ ጆንያ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ባዶ መስላኝ ነበር። ከጥግ በኩል አንድ ሰው ሳል ሳል አሉና፣

«ግባ፣ ግባ፤ ቤት ነው» አሉኝ፣ ልክ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ከከተማው ወጣ ካለችው ከሶፊ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው አባቴን የሚያህል፣ ሽበታቸው በሂና የቀላ። የባለመሬቱ ጎተራ ተቃጥሎ፣ ያቃጠሉትን ሰዎች ስም እንዲሰጡ ነው የታሰሩት። እሳቸው ከእኔ የሚለዩት ስሞቹን ማወቃቸው ነው። ይህንንም አልደበቁኝም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ከእኔ አይወጣም።»

«ቢመቱዎትስ?»

«ይምቱኝ። ድምፄንም አልሰጣቸውም። ልጄ በር ላይ ናት።»

ሴት ልጃቸው በየቀኑ ከሶፊ በእግሯ ምሳ ይዛ ትመጣለች። ሳህኑ እስኪመለስላት ከጣቢያው በር አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ስገባ አይቻታለሁ፤ እሷም እኔንና ጊታሬን አይታናለች። አባቷ የሚፈሩት ዱላውን ሳይሆን፣ እሷ ጩኸታቸውን ሰምታ ሆዷ እንዳይባባ ነበር።

ያን ምሽት የጣቢያውን ጠባይ አስረዱኝ። ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት በኋላ አንድ እስረኛ መቱ፤ ጮኸ። ሐረርን የማያውቅ ሰው የዚያን ሰዓት ትርጉም አይገባውም። ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ መንገዱ ጭር ይላል። ምርቃና የያዘው ሰው ደግሞ የጉንዳን እግር ይሰማዋል። ከጣቢያው አጥር ማዶ ያሉት ሽማግሌዎች ጫታቸውን ጥለው መጥተው በሩን ሞሉት። ነገሩ ከላይ ደርሶ የጣቢያውን አዛዥ፣ መቶ አለቃውን፣ አለቆቹ ተቆጥተውት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተነካም።

«ተመስገን ነዋ!» አልኩ።

«ኧረ አቦ! ምኑ ነው ተመስገን? ጠዋት ግቢው ባለጉዳይ ነው፤ ማታ መቶ አለቃው መጠጥ ቤት ነው። ለዱላ ያለችው ሰዓት ያቺው የበርጫዋ ናት። ዘዴ እየፈለገ ነው።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። የመቶ አለቃው ክፍል ንጹሕ ነው፤ እሱም ንጹሕ ነው። ጺሙን ተላጭቶ ሽቶ ተቀብቷል። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀትና ከማኅተም ይልቅ የእኔ ጊታር ተጋድሟል።

«መምህር፣ ተቀመጥ። ብሉዝ ትጫወታለህ አሉኝ።»

«እሞክራለሁ፣ ጌታዬ።»

«አስመራ ሳለሁ አሜሪካኖቹ የሚያዘወትሩት ቡና ቤት እሰማው ነበር። ልቤን ወስዶት ቀረ። እስቲ አስተምረኝ። ሬዲዮናችንም ድንጋይ ጨርሷል፤ ዛሬ አንተ ታጫውተናለህ።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋና በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው። ብርሃን ገባ። ጊታሬን ሳነሣው ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አንዷን ክር አላልተዋት ነበር፤ ቃኘኋት።

እኔን ያስተማረኝ ትምህርት ቤታችን የነበረ አንድ አሜሪካዊ መምህር ነው። ኖታ ማንበብ አያስፈልግህም ይለኝ ነበር። ሰሌዳ ላይ ስድስት መስመር ያሰምራል፤ እነሱ ክሮቹ ናቸው። መስመሮቹ ላይ ነጠብጣብ ያደርጋል፤ እነሱ የጣት ቦታዎች ናቸው። ነጠብጣቦቹ ተያይዘው አንድ ቅርፅ ይሠራሉ፤ ጣትህ ቅርፁን ካወቀ ዓይንህን ጨፍነህ ትጫወታለህ። እንዲህ ያሉ አምስት ቅርፆች ከላይ እስከ ታች የጊታሩን አንገት ይሞሉታል። ጀጎል ውስጥ በሐረሪ ቤት ተከራይተን ስላደግሁ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። የሐረሪ ቤት ሁሉ መደቦቹ አቀማመጣቸው አንድ ነው፤ አንዱን ቤት ያወቀ ሰው ረግጦት በማያውቀው ቤት፣ በጨለማም ቢሆን መቀመጫውን አያጣም። ለመቶ አለቃውም ይህንኑ ነገርኩት። ሐረር የቆየ ሰው ስለሆነ ራሱን ነቀነቀ።

የመጀመሪያውን ቅርፅ አምስተኛው ፍሬት ላይ፣ አንገቱን ከሚከፋፍሉት ቀጫጭን ብረቶች አምስተኛው ላይ፣ አሳየሁት፤ በእያንዳንዱ ክር ሁለት ሁለት ቦታ። ጣቱ ቀልጣፋ ነው። ወዲያው ይዞት ሲወጣ ሲወርድ ቆየና ሳቀ።

«ይሄ የኛው ትዝታ አይደለም እንዴ!»

«ይቀራረባሉ፣ ጌታዬ። ሁለቱም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። እዚህች ጋ ክሩን በጣትዎ ገፋ ሲያደርጉት ነው ወደ ብሉዝ የሚሄደው።»

ገፋው። ክሩ አቃሰተ። ሰውየው እንደ ሕፃን ደስ አለው፤ እኔም ለአፍታ የት እንዳለሁ ረሳሁ። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎን ካለው ክፍል፣ የጫማ ኮቴና የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ከዚያም ሳል። ሳሉን አወቅሁት።

መቶ አለቃው ጊታሩን መለሰልኝ። «አሁን አንተ ብቻህን፣ ሶሎ ተጫወት» አለ። «ጮክ አድርገህ። እጅህ እንዳይቆም።»

ፊቱ አልተለወጠም፤ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። መጫወት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ምንጣፍ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አንድ፤ ደግሞ ሌላ።  ሽማግሌው እየፈለገ ነው ያሉኝ ጩኸት መሸፈኛ ዘዴ እኔ ነበርኩ።

ብሄድ የት እሄዳለሁ? በሩ ላይ ፖሊስ አለ፤ ባቆም ዱላው ወደ እኔ ዞሮ እሳቸውም አይድኑም። ጣቶቼ ብቻቸውን ከመጀመሪያው ቅርፅ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይወጣሉ። ድሮም በሽታዬ ይህ ነበር፤ ቅርፆቹን ካገኘሁ መሮጥ ነው፤ ትንፋሽ የለኝም። አሜሪካዊው መምህሬ በዚህ ይናደድብኝ ነበር። ብሉዝ ወሬ ነው፤ ሁለት መስመር ከተናገርክ በኋላ አፍህን ዝጋ፤ መልስ ጠብቅ ይለኝ ነበር። እሱ እያለ አንድ ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ያን ዕለት እጄን ከክሩ ላይ አነሣሁ።

ጊታሩ ዝም አለ። በመስኮቱ ያ የበርጫ ሰዓት ጭርታ ገባ። ምንጣፉ ተራገፈ። የሰው ድምፅ ግን የለም።

«ምን ሆንክ?» አለ መቶ አለቃው።

«ምንም፣ ጌታዬ። ብሉዝ እንዲህ ነው። ጥያቄ ይጠየቅና መልስ ይጠበቃል።»

«መልሱን የሚሰጠው ማነው?»

«ያው ጊታሩ ነው።»

ቀጠልኩ። ተማሪ ነውና የነገርኩትን አመነ፤ እንዲያውም በእግሩ ምት ይመታ ጀመር። ሁለት መስመር ተጫውቼ ደግሞ አቆምኩ። አሁንም ድምፅ የለም። ሽማግሌው ቃላቸውን ጠብቀዋል። በልቤ እለምናቸዋለሁ። ይጩሁ፣ አባባ። በፈጠረዎት ይጩሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሰው ይሰማዎታል።

ለሦስተኛ ጊዜ አቆምኩ፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። የመቶ አለቃው እግር ምቱን ተወ። ተመለከተኝ። ሲገባው አየሁት፤ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከዚያም ወደ እኔ ተመለሰ። ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ወደ ጊታሩ ዘረጋ።

«ያ ረቢ!»

እንዲያ ያለ ጩኸት ከእሳቸው ደረት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቆርቆሮው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ወዲያው ከበሩ በኩል ሴት ልጃቸው አስተጋባች፤ «አባቴን! አባቴን ገደሉት! ኧረ የሰው ያለህ!» ከዚያ የበሮች መከፈት፣ የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ የሽማግሌዎች ጉርምርምታ ተከተለ። ከጎን ያለው ክፍል ጸጥ አለ።

መቶ አለቃው ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። በመስኮቱ እሰማለሁ።

«የታመመ እስረኛ ነው» አላቸው።

«ከታመመማ እንጠይቀዋለን» አለ አንድ የሰከነ ድምፅ። «የታመመ መጠየቅ በእኛም በእናንተም ደንብ ነው።»

«አሁን አይቻልም።»

«እንግዲያው እስኪቻል እዚሁ ነን፣ ጌታው።» ጫታቸውን አስመጥተው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ።

መቶ አለቃው ተመልሶ መስኮቱን ዘጋ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ጥሩ አስተማሪ ነህ» አለ ቀስ ብሎ። «ነገም እንቀጥላለን።»

ወደ ክፍላችን አልመለሱኝም። ከግቢው ጀርባ ያረጀ ኮርቻና ጎማ ከሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ብቻዬን ቆለፉብኝ። ስለ ሽማግሌው የሚነግረኝ አጣሁ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወሰዱኝ። መቶ አለቃው ጊታሩን ሰጠኝ። ተቀብዬ፣ ክሮቹን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስደገፍኩትና እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«ጣትህን ምን ነካው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ተጫወታ!»

«አልጫወትም፣ ጌታዬ።»

ያን ቀን ተራው የእኔ መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ለእኔ ጊታር የሚጫወትልኝ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌዎቹም ከአጥሩ ሥር አልተነሡም። ከሰዓቱ እንዲሁ አለፈ። በኋላ መቶ አለቃው አንድ ምሽት መጠጥ ቤት ሳይሄድ ጣቢያው አመሸ። ስለዚያ ምሽት ብዙ አልናገርም። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም።

ከወራት በኋላ «ሂድ» ብለው አስወጡኝ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ይገኝ አይገኝ አልነገሩኝም። ጥቂት ቀን ተኝቼ አገገምኩና ጊደር መጋላ ገበያ ሄድኩ፤ የሽማግሌው ልጅ እዚያ ማሽላ እንደምትሸጥ እሳቸው ነግረውኝ ነበር። ከእህል ተራ ጫፍ፣ ጆንያዋን ከፊቷ ከፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀና ብላ ስታየኝ መስፈሪያው ከእጇ ወደቀ።

«ቢስሚላህ!» አለች። «አንተ ሞተሃል እኮ!»

«ማን አለሽ?»

«አባቴ ነዋ!»

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ዋስ ሆነዋቸው አባቷ ቤታቸው ገቡ፤ ስም ሳይሰጡ። እሷ ግን አንድ ነገር አብከነከናት። «እኔ በር ላይ መሆኔን እያወቅህ ለምን ጮህክ? ያን ያህል ጨከኑብህ ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ምን አለኝ መሰለህ? 'ለእኔማ አልጮህኩም፤ የእኔን ችዬው ነበር። ያ ልጅ ማዶ ክራሩን ሲመታ እሰማዋለሁ። ዝም ሲል ገደሉት እላለሁ፤ ይመለሳል። ደግሞ ዝም ሲል ገደሉት እላለሁ፤ ይመለሳል። በመጨረሻ አልመለስ ሲል ነው የጮህኩት' አለኝ። ወደ ክፍላችሁም ስላልተመለስክ ያበቃልህ መሰለው።»

ከጆንያው አጠገብ ተቀመጥኩ። እኔ እሳቸው እንዲጮሁ ዝም ስል፣ እሳቸው ስለ እኔ ዝምታ ጮኸዋል።

«የሙት ሰደቃህን እኮ በልተናል» አለች፤ ሳቅም ዕንባም ይዟታል። «ፍየል አረደልህ። ስምህን አያውቅ፤ 'ለዚያ ለአስተማሪው' ብሎ ዱዓ አስደረገ። ጎረቤቶቹ 'ክርስቲያን እኮ ነው' ሲሉት 'ታዲያ ክርስቲያን አይሞትም?' አላቸው።»

«አሁን የት ናቸው? ልያቸው።»

ማሽላውን በእጇ ደልደል አደረገች። «ከሰደቃህ በኋላ ብዙ አልቆየም» አለች።

ገበያ መሃል አለቀስኩ። የሰው ዓይን አላሳፈረኝም። እህል ልትገዛ የመጣች ሴት «ምን ሆኖ ነው?» አለቻት። «ዘመዳችን ነው» አለች።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። በቀሩት ጣቶቼ ለሰፈር ልጆች ቅርፆቹን አሳያለሁ፤ ሶሎ ግን አልጫወትም። በዓመት አንድ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አበላለሁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ገበታ እንዲበላ ሥጋ አላስገባበትም። ከምግቡ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይመርቁና፣ ዝክሩ የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

«የአባቴ ነው» እላቸዋለሁ።

ወላጅ አባቴን የሚያውቁት አንዳንዶቹ፣ እሳቸው ያረፉት በሌላ ወር መሆኑን ያስታውሳሉ። እርስ በርስ ይተያዩና «ነፍስ ይማር» ይላሉ።