ሁዳዴ በበረዶ ምድር

ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ እማዬ የምታከራያት አንዲት ክፍል ነበረች። ብዙ ሰው ገብቶባት ወጥቷል፤ ከሁሉም የማልረሳት ግን አንዷን ተከራይ ነው። ነርስ ነበረች፤ ካዛንቺስ ባለ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር። የመጣችው ከሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት አገር ነው። ሰፈሩ መልኳን አይቶ ቻይና ናት ብሎ ደመደመ። ማስረዳቱ ሲሰለቻት እሷም "እሺ በቃ፣ ቻይና" እያለች ማለፍ ጀመረች።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ነበር። አመሻሽ ላይ ከቢሮ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብለን በለመደችው አማርኛ እናወራለን። የምታወራው ስለ አባቷ ነው። አባቷ አዳኝ ናቸው። ባህሩ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ጠመንጃና ገመድ ይዘው እላዩ ላይ ይወጣሉ፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚበላው እሳቸው ይዘውት የሚመለሱትን ነው። የሚያድኑትን እንስሳ ስም በእንግሊዝኛ ብትነግረን ለእማዬ አልያዝላት አለ።

"መልኩ ምን ይመስላል?" አለቻት።

"ወፍራም ነው፤ በእግር ፈንታ መቅዘፊያ አለው፣ በረዶው ሥር ይዋኛል። ዓይኑ ትልልቅ፣ ጥቁር። ሲያዩት አንጀት ይበላል።"

"በቃ የባህር ጥጃ ነው" አለች እማዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ስሙ ያ ሆነ።

አንድ የፋሲካ ዕለት፣ ጎረቤቱ በጋራ የገዛው በሬ በማለዳ ግቢያችን ውስጥ ታርዶ ቅርጫው ሲከፋፈል ተከራያችን ቆማ ታይ ነበር። ሥጋው በየመደቡ ተቀምጦ ዕጣ ወጣ። ከአልጋ መነሳት ላልቻሉት አሮጊት ጎረቤታችን ድርሻቸው ተጠቅልሎ ሲላክላቸው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ምነው?" አልኳት።

"አባቴም አድኖ ሲመጣ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ የሚላከው ከቤት መውጣት ለማይችል ሰው ነው።"

ኮንትራቷ አለቀና ወደ አገሯ ተመለሰች። ዓመታት አለፉ። እኔም ሥራ ይዤ፣ መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ኮርስ ወደ ውጭ በላከኝ ጊዜ ደወልኩላት። "እዚህ ድረስ መጥተሽማ ሳታይን አትመለሺም" አለችኝ። ኮርሱ እንዳለቀ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። አውሮፕላን እየቀያየርኩ፣ በመጨረሻ እንደ ላንቻ ሚኒባስ በጠበበች አውሮፕላን ተሳፍሬ ደረስኩ።

መንደሯ ነጭ አንሶላ ላይ የተበተኑ ባለቀለም የሸሚዝ ቁልፎች ትመስል ነበር። ቀይ ቤት፣ ሰማያዊ ቤት፣ ቢጫ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ፀሐይዋ መጥለቅ የረሳች ይመስል አድማሱን ታክካ ትንሸራተታለች። ጥላዬ ረዝሞ ረዝሞ ከቤቶቹ ባሻገር ይደርሳል። ተኝቼ የነቃሁ ሲመስለኝ ገና አልተኛሁም፤ ነቅቼ የቆምኩ ሲመስለኝ ደግሞ ሕልም ውስጥ ነኝ። "ባህሩ የታለ?" ብዬ ብጠይቃት ሳቀች።

"የቆምሽው እላዩ ላይ ነው።"

ያላሰብኩበት ነገር ጾሙ ነበር። ሁዳዴ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም፤ በዚያች መንደር ደግሞ የሚበቅል ነገር የለም። የገባሁበት ቤት ሁሉ ሥጋ ወይም የደረቀ ዓሣ ያቀርብልኛል። እኔ ደረቴን ይዤ፣ አንገቴን ሰብሬ አመሰግንና ዳቦ እበላለሁ። ሩዝ እበላለሁ። የታሸገ ባቄላ እበላለሁ። ሆዴ አሞኝ ይመስላቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት አባቷ ይዘውን ወደ በረዶው ወጡ። ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ፊታቸውን ብርዱና ብርሃኑ እንደ ቆዳ አልፍቶታል። በሞተር በሚጎተት የእንጨት ተንሸራታች ላይ ፀጉራም ቆዳ አንጥፈው አስቀመጡን። ብዙ ከሄድን በኋላ ሞተሩን አጠፉት። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ የራሴ ደም ጆሮዬ ውስጥ ሲሄድ ሰማሁት። እንስሳው አየር ለመሳብ ብቅ የሚልባት፣ ከሰሃን የማትሰፋ ቀዳዳ አለች። እሳቸው እሷ አጠገብ ጎንበስ ብለው ቆሙ፤ እኛ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ጊዜው ይሂድ ይቁም አላውቅም። ሰማዩና ምድሩ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው፣ ሽማግሌው በመሃል የተንጠለጠሉ መሰለኝ።

ከዚያ ጥይቱ ጮኸ፤ ወዲያው ገመድ የታሰረበትን ጦራቸውን ሰኩበትና ገመዱን ጨበጡ። ሮጠን ገመዱን ያዝንላቸው፤ በረዶውን ፈልፍለው ቀዳዳዋን ካሰፉ በኋላ አብረን ጎተትን። የባህር ጥጃው ወጣ። ጓደኛዬ እንዳለችው ነው፤ ዓይኑ አንጀት ይበላል። አባቷ ቢላ ከማውጣታቸው በፊት ጓንታቸውን አወለቁ፤ ከጠርሙስ ውሃ ቀድተው አፉ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረጉለት።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ዕድሜውን ሙሉ ጨው ውስጥ ስለሚኖር ይጠማዋል" አለችኝ። "ውሃ የሰጠውን ሰው አይረሳም ይላሉ።"

ከዚያ ከፈቱት። ጉበቱ በብርዱ ውስጥ ይጨሳል። አባቷ አንድ ቁራጭ ቆረጡና በቢላው ጫፍ ወደ እኔ ዘረጉ። እንግዳ ይቅደም ማለታቸው ነው። የእኚህን ሰው እጅ መመለስ ነውር ነው፤ መቀበልም አልቻልኩም።

"ንገሪልኝ" አልኳት። "ንቄ እንዳይመስላቸው። ጾም ነው በያቸው።"

ነገረቻቸው። ቢላውን እንደዘረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"አምላክሽ መቼ ነው የሚፈቅድልሽ?" አሉኝ በእሷ በኩል።

"በፋሲካ።"

"እስከዚያ እዚህ ነሽ?"

"አለሁ። የምመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።"

ቁራጩን ራሳቸው ጎረሱት። "እንግዲያው ችግር የለም" አሉ እያላመጡ። "በዚህ አገር ሥጋ መጠበቅ ይችላል።"

መንደር ስንመለስ እንስሳው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ ካርቶን ተነጥፎ ተበለተ። ሴቶች ሳህን ይዘው መጡ፤ ለማይንቀሳቀሱት ተላከ። የእኔ ድርሻ በከረጢት ታስሮ፣ ውሻ እንዳይደርስበት በረንዳው ጣሪያ ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ገባ። ወሬው ዞረ። በየሄድኩበት ቤት ሥጋ ማቅረቡ ቀረ፤ በምትኩ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ይቆየኝ ጀመር። የጓደኛዬ አክስት ሁልጊዜ ሲያገኙኝ ጣሪያውን እያመለከቱ "አሁንም አልፈቀደም?" ይሉኝ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሥጋው ወርዶ ተቀቀለ። የእነሱ በዓል ቀደም ብሎ አልፏል፤ ቢሆንም ቤቱ በሰው ሞላ። እማዬ ጋ ደወልኩ። ታሪኩን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "አባትየው አሉ? አቅርቢልኝ" አለች።

ስልኩን ሰጠኋቸው። እማዬ በአማርኛ ጀመረች፤ ድምጿ ከቀፎው ውጭ ይሰማል። "እንኳን አደረሰዎ! ልጄን ስላሰቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው!" እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ መለሱ። እሷ ቀጠለች። እሳቸው ቀጠሉ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየጀመረ፣ አንዲት ቃል ሳይግባቡ ብዙ አወሩ። እኔና ጓደኛዬ እየሳቅን እንባችን ወረደ።

ከዚያ ጎረስኩ። ሥጋው ጥቁር ነው፤ ደምና ባህር አብረው ይቀመሳሉ። እንደምንም ዋጥኩት። ሁሉም አፌን ያያል።

"ጥሩ ነው?" አሉኝ አባቷ።

"በጣም ጥሩ ነው።"

"ዋሸች" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እልህ ይዞኝ ደገምኩ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ስቡ ምላሴ ላይ ቀለጠ፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ሲወርድ ተሰማኝ። ሦስተኛውን ማንም ሳይጋብዘኝ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ወጡ። ነፋሱ ቆሞ ነበር። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ወለሉን ማር አስመስላዋለች፤ እኔም ጥጌን ይዤ እንቅልፍና ወሬ መሃል እንሳፈፋለሁ። አባቷ ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በር ላይ ቆመው ቦት ጫማቸውን እያሰሩ፣ በአገጫቸው ወደ በረዶው እየጠቆሙ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉኝ። ጓደኛዬ ለመተርጎም አፏን ስትከፍት ገብቶኝ ተነስቼ ነበር። ካፖርቴን ለብሼ ተከተልኳቸው።