ዘይት የጠገበው ድንጋይ

ኮኪት ከተማ ዳር ያለው ሰሊጤ ደርቆ ሊራገፍ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሃያ አጫጆች ብቀጥርም የሁሉም ማጭድ ደንዝዞ፣ ሰሊጡን በማጨድ ፈንታ ይነቅሉት ጀመር። በነቀሉ ቁጥር ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ያለኝ አሮጌ መሳያ ድንጋይ ደግሞ እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ አልስል ካለ ስለቆየ፣ የትራክተር ጎማ ማስደገፊያ አድርጌው ነበር።

ከጎጃም የመጣ አንድ ቀጭን አጫጅ ድንጋዩን አንስቶ በጥፍሩ ጫረው። ቀጥሎ፣ ዓይኔ እያየ፣ ላሰው።

«አባባ፣ ይህን ድንጋይ ዘይት ያጠጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እንዳይደርቅብኝ በየዓመቱ የሰሊጥ ዘይት እቀባው ነበር።»

«ወጥ መሰለዎት እንዴ? ዘይቱ ረግቶ ጥርሱን ደፈነበት እንጂ፣ ድንጋዩስ እንዲህ ያለ አይገኝም።»

አጫጆቹ ሳቁብኝ። እሱ ግን ድንጋዩን በአመድና በፈላ ውሃ ደጋግሞ አጠበው። የወጣው ዘይት፣ እውነቴን ነው፣ ለአንድ መንደር የጾም ወጥ ይበቃ ነበር። ከዚያ አሸዋ በነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዓለት ላይ እያሸ ከመሳል ብዛት የጎደጎደውን አስተካከለ። ሰላሳ ዓመት ያላየሁት ግራጫ ፊቱ ብቅ አለ። የራሱን ማጭድ ድንጋዩ ላይ ጥቂት ሳብ ሳብ አደረገና፣

«ተሳለ» አለኝ።

«በዚህ ፍጥነት? አላምንም።»

«እንግዲያው ቀና ይበሉ።»

ማጭዱ በግራ ጉንጬ አጠገብ ሽው አለ። ምንም አልተሰማኝም።

«አየህ፣ ቅጠልም አይቆርጥም» አልኩት።

አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ከኋላው ተሰለፉ። ምን አይተው ነው ብዬ ጺሜን ብዳብስ፣ የቀረልኝ የቀኙ ብቻ ነው።