ለመላጣው የተደረገ ዱዓ

እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል። በሰፈራችን ሬስሊንግ የሚያሳይ ዲሽ የነበረው ሐጂ አብዶሽ ቤት ብቻ ነበር። አንድ ሐሙስ እሳቸው ቤት በርጫ ላይ ጫት እየቃምን፣ ቅዳሜ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ማን እንደሚወስድ ስንከራከር ዋልን። ከሁለቱ ተፋላሚዎች እኔ የጢማሙ ደጋፊ ነኝ፤ እሳቸው የመላጣው።

ልንበተን ስንል «ሐጂ፣ የቅዳሜውንስ እርስዎ ጋ መጥተን እንይ?» ብዬ ለመንኳቸው።

«መርሐባ! መጀመሪያ ግን ዱዓ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን። ለታመመ ጤና፣ ለሶፊ ወረዳ ገበሬ ዝናብ ለመኑ። በየመሀሉ «አሚን» እንላለን። ትንፋሽ ሳይወስዱ «ለመላጣውም ድሉን ይስጠው!» ብለው ቀጠሉ፤ ቤቱ «አሚን» አለ።

«ሐጂ፣ ይሄማ ግፍ ነው! ለሬስሊንግ ዱዓ ይደረጋል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው ልጄ፣ ከሁሉም ቀድመህ አሚን ያልከው አንተ አይደለህም?» አሉኝ።