የገጠር ልጅ ስትጽፈው

አንድ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ። እንጅባራ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች አንድ ነገር አብረው ጻፉ፤ አንዷ ብቻ ተቀጣች። የተቀጣችው የልጅ ልጄ ናት።

ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ገጠር፣ ጥርባ ካለው ከአባቷ ቤት መጥታ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። እቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛው የትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛው ደግሞ የስልክ። ያን ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ነበር። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ነኝ፤ ቢሆንም ስልኳን አየት አድርጌ፣ «ይሄን ቃል ማን በላው?» እላታለሁ። ‹ፕሊስ› የሚለውን በሦስት ፊደል ትጨርሰዋለች፤ ‹ፎር› ማለት ስትፈልግ አራት ቁጥርን ታስቀምጣለች።

«እማዬ፣ ሙድ እየያዙብኝ ነው?» ትለኛለች።

«ሙድ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማሾፍ ነዋ! ኧረ ሼም ነው፣ ይህንንም አያውቁ?»

የፈረንጅ ቃል ቆራርጠው፣ ትርጉሙን ለውጠው ሲጫወቱበት አልወድም ነበር። ዛሬም አልወድም። ከመምህሯ ጋር የተጣላሁት ግን ለዚህ አይደለም።

በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚሉት አለ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ያነባሉ። የልጅ ልጄ ከአንባቢዎቹ አንዷ ነበረች፤ ከዚያ በላይ የምትወደው ነገር አልነበራትም። አንድ ቀን ከአንድ የከተማ ልጅ ጋር ሆና፣ ሁለት ጓደኛሞች በስልክ የሚላላኩትን ቀልድ በዚያው በተቆራረጠ እንግሊዝኛ ጻፉና ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። የእንግሊዝኛው መምህር ልጁን ሳቅ ብሎ አለፈው። እሷን ግን፣ «እሱ ሲጽፈው ጨዋታ ነው፤ የገጠር ልጅ ስትጽፈው አለማወቅ ነው» ብሎ ከሚኒ ሚዲያው አስወጣት። እራቷን ሳትነካ፣ «አገሬ እገባለሁ፤ ትምህርቱ ይቅርብኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። መምህሩ ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ፣ ከባጃጁ ፊት ቆሜ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። በእኛ አገር ይህን የተባለ ሰው አያልፍም። ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። መምህሩም ወረደ።

«ዳኛ ምረጥ» አልኩት። በድሮው ወግ ከመንገደኛው አንዱ ይዳኛል። አጠገባችን የነበረው ግን ባለባጃጁ ብቻ ነው።

«ኧረ እማማ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ! ምን በወጣኝ?» አለ። እያጉረመረመ ወርዶ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ነገሬን አስረዳሁት። ወደ መምህሩ ዞረና፣ «እውነት ነው መምህር? ሁለቱም ጽፈዋል?» ሲል ጠየቀ።

«ጽፈዋል» አለ መምህሩ። «እንግዲያው ልጁንም አስወጣዋለሁ፤ እኩል ይሆናሉ።»

«በቃ እማማ፣ ረቱ!» አለ ዳኛዬ፣ ወደ ባጃጁ እየተመለሰ።

እኩል ነው፤ ግን ለዚህ አልነበረም የመጣሁት።

«ቁም፣ አልረታሁም!» አልኩት። «የሰው ልጅ ቅጡልኝ አላልኩም። የገጠር ልጅ ስትጽፈው ለምን አለማወቅ ሆነ? እሱን ይመልስልኝ።»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል በአዊኛ መናገር ጀመረ። እኔ እኮ የከተማ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«ኧረ ለዳኛውም ተርጉሙለት!» ብሎ ጮኸ ባለባጃጁ።

መምህሩ በአማርኛ ደገመው።

«እማማ፣ እኔም የገጠር ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛ ስናገር ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። እሷ ላይ እንዳይስቁ የከለከልኩ መስሎኝ፣ ቀድሜ የሳቅኩባት እኔ ሆንኩ። ሰኞ ትመለስ። ያልኳት ነገር ልክ እንዳልነበረ፣ እሷ ከማንበቧ በፊት ሰልፉ ፊት ራሴ እናገራለሁ።»