ጠያቂ የመጣልኝ ሳምንት

ለውፍረቴ ኦፕራሲዮን ልደረግ ነበር። ኢንሹራንሴ ግን «መጀመሪያ ራስህ ትንሽ ቀንስ» አለኝ፤ ቀነስኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በሬን ያንኳኳ ሐበሻ አልነበረም። ለኦፕራሲዮኑ ክሊኒክ ሄጄ ልመዘን ሳምንት ሲቀረኝ ተንኳኳ። ከታችኛው ፎቅ እትዬ በላይነሽ ናቸው፣ ወጥ በሳህን ይዘው።

«ምነው እንዲህ ከሳህ? ታመህ ነው የደበቅኸን?»

ደህና ነኝ ልል አፌን ስከፍት አጎረሱኝ። ጉርሻውንም ቃሉንም አብሬ ዋጥኩ። ደህና ነኝ ካልኩማ ነገ ማን ይመጣል። ሳምንቱን ሙሉ የማላውቀው ሰው ሁሉ ድስት ይዞ ሲጠይቀኝ ሰነበተ።

በቀጠሮዬ ቀን ክሊኒክ ድራይቭ አድርገው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ነርሷ ሚዛኑን አይታ «የቀነስከው ተመልሷል፣ እንደገና ጀምር» አለችኝ።

መኪና ውስጥ ስገባ እትዬ በፍርሃት «ምን አሉህ ልጄ?» አሉኝ።

«ገና ነህ አሉኝ» አልኳቸው።